ምዕራፍ 6፦ መኪና በሚቆምበት

ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርደው አስፋልት አይከልንና ነጋዴ ባሕርን አልፎ ገንዳ ውሃ ሲገባ ደጋው ከኋላ ቀርቷል። ከዚህ በኋላ ያለው አገር የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ አገር ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ጥቁሩ ዋልካ ጎማ ከያዘ አይለቅም። ኮኪት በዚህ መንገድ ላይ፣ በገንዳ ውሃና በመተማ ዮሐንስ መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። ከመተማ ዮሐንስ ቀጥሎ ድንበሩ ነው፤ ማዶው ጋላባት፣ ከጋላባት ወዲያ ገዳሪፍ።

መንገዱ መኪና ከመምጣቱ በፊትም የንግድ መንገድ ነበር። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቡና፣ ሰምና ቆዳ በአጋሰስ እየተጫነ ወደ መተማ ገበያ ይወርድ ነበር። ነጋዴው እዚህ ሲደርስ ጭነት ያራግፋል፣ ከብቱን ያሳርፋል፣ ቀረጥ ይከፍላል፣ ገዢ ይጠብቃል። ዛሬ በአጋሰሱ ቦታ አይሱዙና ሲኖትራክ ተተክተዋል፤ ቆሞ መጠበቁ ግን አልቀረም። አዲስ የመኪና እጥበትና እንክብካቤ ሥራ የሚከፍት ሰው ስለ ደንበኛ የሚያነሳው ጥያቄ ሁሉ መጀመር ያለበት ከዚሁ ነው፤ መኪና የት ይቆማል? ስንት ሰዓት ይቆማል? ቆሞ ሳለ አጠገቡ ያለው ማን ነው?

ላቫጆ ለመክፈት የሚነሱ ወጣቶች ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በዕቃው ነው። ተደራጅተው ብድር ይወስዳሉ፤ ፓምፕ፣ ሮቶ፣ ጄነሬተርና የአቧራ መሳቢያ ይገዛሉ፤ ቦታ ይከራያሉ፤ በቀይ ቀለም «እጥበትና ግራሶ» ብለው ሰሌዳ ይሰቅላሉ። ከዚያ ቁጭ ብለው መጠበቅ ነው። ቦታው የተመረጠው ኪራዩ ስለረከሰ ወይም የዘመድ ግቢ ስለሆነ እንጂ መኪና ስለሚቆምበት አይደለም። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚያልፍ ሹፌር ሰሌዳውን ቢያነብም ፍሬን አይዝለትም። እንደ ኮኪት ባለ መንገድ ዳር ከተማ የሚያልፈውን መኪና ብዛት አይቶ ገበያ አለ ብሎ መደምደም ብዙ ገንዘብ አስበልቷል። መቁጠር የሚያስፈልገው የሚቆመውን ነው።

የሚቆመው ደግሞ በየዓይነቱ ነው። ነዳጅ ለመቅዳት የተሰለፈ መኪና ሰልፉን ለቆ መውጣት አይችልም፤ እሱ ዘንድ ባልዲና ጨርቅ ይዞ ሄዶ መስታወትና መብራት መወልወል እንጂ ሙሉ እጥበት አይታሰብም። ጎሚስታ ዘንድ የቆመ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ይኖረዋል፤ ጎማው ወልቆ ሳለ የጎማውን ጓዳ ከጭቃ ለማጽዳት ከዚያ የተመቸ ጊዜ አይገኝም። አልጋ ቤት ግቢ ውስጥ የሚያድር መኪና ሌሊቱን ሙሉ አለ። ሰሊጥ ጭኖ መጋዘን በር ላይ ተራ የሚጠብቅ አይሱዙ አንዳንዴ ከአንድ ቀን በላይ ይቆማል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ከጊዜ በኋላ መተማ ላይ መረከቢያ መጋዘን ሲከፍት፣ ጭነቱ ናሙና ተወስዶለት፣ ደረጃ ወጥቶለት፣ ተመዝኖ እስኪገባ ድረስ መጠበቅ የአካባቢው የመኪና ኑሮ አካል ሆነ። ከዚህ ሁሉ ለአዲስ ሥራ የሚሻለው አልጋ ቤቱ ነው። ሹፌሩ ይተኛል፣ ሙቀቱ በርዷል፣ ጠዋት ሲነሳ መኪናው ታጥቦ ይጠብቀዋል። የአልጋ ቤቱ ባለቤትም ለእንግዳው የሚጨምረው አገልግሎት ስለሚያገኝ ግቢውን ለመፍቀድ ብዙ አያንገራግርም።

ማን አጠገቡ አለ ወደሚለው እንምጣ። አንድ የጭነት መኪና ሦስት ሰው አለበት። ባለንብረቱ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ነው፤ ሹፌሩ የመንገድ ወጪ ይዞ ይንቀሳቀሳል፤ ረዳቱ ደግሞ ከጫኝና አውራጅ ጋር መደራደር፣ ሸራ ማሰር፣ ጎማ ማየትና መኪናውን ማጠብ የእሱ ነው። አዲሱ ላቫጆ ከማንም በፊት የሚፎካከረው ከዚህ ረዳት ባልዲ ጋር ነው። ባልዲው ዋጋ የለውም፣ ውሃውም ከወንዝ ነው። ስለዚህ ረዳቱ የሚሠራውን ሥራ በገንዘብ ልሽጥለት ማለት የትም አያደርስም፤ ሹፌሩ «ልጁ ያጥበው የለም እንዴ?» ብሎ ያልፋል። ረዳቱ በባልዲ የማይደርስበትን ነገር ማቅረብ ግን ሌላ ነው። የሻንሲው ውስጥ፣ የባሌስትራው መሃል፣ የራዲያተሩ ክንፎች፣ ከፓራፋንጎ ሥር የተጋገረ ዋልካ፤ እነዚህ በባልዲ አይወጡም። እንዲህ ሲሆን ረዳቱ ጠላት መሆኑ ይቀርና መኪናውን እየመራ የሚያመጣው እሱ ራሱ ይሆናል፤ ከላዩ ላይ ከባድ ሥራ ወርዶለታልና።

ከእርሻ የወጣ አይሱዙ ሲታጠብ ቆሞ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። መኪናው ገና እንደቆመ ውሃ አይረጭበትም፤ የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍ ብረቱ ሊሰነጠቅ ስለሚችል መጀመሪያ ይቀዘቅዛል። የኤሌክትሪክ መገናኛዎቹና የአየር ማስገቢያው በፌስታል ይታሰራሉ። ከዚያ ወደ ራዲያተሩ ነው። የራዲያተር ክንፎች ቀጫጭን ናቸው፤ ፓምፑ በሙሉ ኃይሉ ከፊት ከተለቀቀባቸው ይታጠፋሉ፣ አየር ማሳለፋቸውም ይቀራል። የሚያውቅ ሰው ግፊቱን ቀንሶ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ያጥባል። ያኔ የሚወጣውን ማየት ነው፤ የሰሊጥ ገለባ፣ የሣር ፍሬ፣ የደረቀ አንበጣ፣ እንደ ሲሚንቶ የጠጠረ ጭቃ። 40 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ሙሉ ጭኖ የነጋዴ ባሕርን ዳገት የሚወጣ መኪና ውሃ የሚያፈላው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ሻንሲው ታጥቦ ሲያልቅ ግራሶው ይከተላል፤ በግፊት የሚረጭ ውሃ ከመጋጠሚያዎቹ ውስጥ ግሪሱን አጥቦ ስለሚወስድ በሻንሲ እጥበት ላይ ግራሶ ካልተጨመረ መኪናው ከነበረው ብሶ ይሄዳል። ይህን ለሹፌሩ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የቻለ ወጣት በአንድ ጊዜ ሁለት አገልግሎት ይሸጣል፤ በቅንነትም ነው የሚሸጠው።

በኮኪት የመኪና እንክብካቤ ገበያ ያለው እዚህ ላይ ነው። በአዲስ አበባ የሚታየው ፖሊሽና የቀለም መከላከያ የራሱ ገዢ አለው፤ ቆላ ላይ ግን ቆሻሻ መጀመሪያ የሚያስከፍለው በሞተር፣ በጎማና በዝገት ነው። እርጥብ ዋልካ በብረት ላይ ሳምንታት ሲቆይ ሥሩ ይበላል። ሥራው መሸጥ ያለበትም ባለንብረቱ በየዓመቱ ለጋራዥ ከሚከፍለው ጋር ተያይዞ ነው። ውጫዊው ማማር እንደ ምርቃት ይምጣ።

ይህን ሁሉ ግን ደንበኛው በጆሮው ሰምቶ አያምንም፤ ማየት ይፈልጋል። እዚህ ላይ ቺካጎ ውስጥ የሆነ አንድ ታሪክ ይጠቅማል። በ1940ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መጀመሪያ ላይ ቤን ሂርሽ የሚባል ሰው ፕላስቶን ብሎ የሰየመውን የመኪና ፖሊሽ ቤቱ ውስጥ፣ በመታጠቢያ ገንዳ እያዘጋጀ ይሸጥ ነበር። የሚያውቀው ሰው የለም፣ ለማስታወቂያ የሚከፍለው ገንዘብም የለውም። ስለዚህ የቤዝቦል ጨዋታ ወደሚካሄድበት ስታዲየም ይሄድና ደጅ ከቆሙት መኪኖች የአንዱን አንድ ፓራፋንጎ ብቻ በፖሊሹ ይወለውላል። ጨዋታው ሲያልቅ ባለቤቱ ይመጣል፤ አንድ ጎኑ የሚያበራ፣ ሌላው የደበዘዘ መኪና ያገኛል። ሂርሽ አጠገቡ ቆሟል፣ ጠርሙሱ በእጁ ነው። ኩባንያው በኋላ ተርትል ዋክስ ተብሎ በዓለም ከታወቁት የመኪና ሰም አምራቾች አንዱ ለመሆን በቃ።

ሂርሽ ያደረገው ሁለት ነገር ነው፤ መኪና ለሰዓታት ወደሚቆምበት ሄደ፣ ልዩነቱንም በደንበኛው በራሱ መኪና ላይ አሳየ። መተማ ላይ ይህን ለማድረግ ከሁሉ የሚመቸው መብራት ነው። የዘመኑ መኪኖች የፊት መብራት ሽፋን ፕላስቲክ ነው፤ የቆላ ፀሐይ በጥቂት ዓመት ውስጥ ያወይበዋል፣ ብርሃኑን ያፍነዋል። በውሃ እያራሱ በ1000 ከዚያም በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በጥንቃቄ ማሸት፣ ቀጥሎ በፖሊሽ ማጥራት እንደገና ያበራዋል። ሹፌሩን አስፈቅዶ አንዱን መብራት በነፃ ሠርቶ ማሳየት ይበቃል። «ጋሼ፣ ማታ ሲነዱ ሁለቱን ያስተያዩአቸው» ካሉት ልዩነቱን የሚያየው መንገድ ላይ ነው፤ ሲመለስ ሁለተኛውን ያሠራል። አንድ ሐቅ ግን አብሮ መነገር አለበት፤ ከተጠራ በኋላ ፀሐይ የሚከላከል ቅባት ካልተደረገለት በወራት ውስጥ ተመልሶ ይወይባል። ይህን ደብቆ የሸጠ ሰው ደንበኛውን ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው ያገኘው። የመንገዱ ሹፌሮች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ ገንዳ ውሃ ላይ የተሠራ ጥፋት ቡና ሳይፈላ መተማ ዮሐንስ ይሰማል።

መተማመን በዚህ ሥራ ከሳሙናው ይቀድማል። ጋቢና ውስጥ የሹፌሩ ስልክ፣ ገንዘብ፣ የጭነት ሰነድ፣ የባለጉዳይ አደራ አለ። ሁለት ሰው የሚፈርምበት ቀላል የዕቃ መረካከቢያ ደብተር ማስቀመጥ ብዙ ጠብ ያስቀራል። ወጣቶቹ በር ከፍተው ከመግባታቸው በፊት «ጋቢና ውስጥ ያለውን አብረን እንይ» ቢሉ ሹፌሩ መጀመሪያ ይገረማል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን ቁልፉን ጥሎ ምሳውን ሊበላ ይሄዳል። ጥላ፣ ወንበርና ጀበና ቡና ያለበት ግቢ ደግሞ የሹፌሮች መገናኛ ይሆናል። ቡናው በራሱ ብዙ ባያተርፍ እንኳ መኪናው እንዲቆም ያደርጋል።

ስለ ዕቃውም አንድ ቃል። በኦሞ መኪና ማጠብ በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ የልብስ ዱቄት ግን ቀለሙ ላይ ያለውን ሰም ገፎ ያደበዝዘዋል። በጠራራ ፀሐይ የታጠበ ቦዲ ላይ ደግሞ ውሃው ሳይጠረግ ስለሚደርቅ ነጠብጣብ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ አገር ጥሩ ሥራ የሚሠራው ማለዳና አመሻሽ ነው፤ ቀኑ ለጋቢና፣ ለወንበርና ለግራሶ ይተርፋል።

ውሃ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ጓንግና የአካባቢው ወንዞች ወደ አትባራ የሚፈሱ ናቸው፤ ከታች ሰውም ከብትም ይጠጣቸዋል። መኪና ወንዝ ውስጥ አስገብቶ ማጠብ የሞተር ዘይትና ነዳጅ ያን ውሃ ውስጥ መጨመር ነው። ጣና ዳር፣ ባሕር ዳር ላይም ይኸው ልማድ ሐይቁን ሲጎዳው ታይቷል። የግፊት ፓምፕ በደቂቃ የሚጠቀመው ከ6 እስከ 10 ሊትር ገደማ ስለሆነ ተለቆ ከሚፈስ ቱቦ በእጅጉ ይቆጥባል። የታጠበው ውሃ ወደ ሁለት ተከታታይ ጉድጓዶች ቢገባ በመጀመሪያው ጭቃው ይዘቅጣል፣ በሁለተኛው ዘይቱ ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል፤ ዘይቱን ጨልፎ ለብቻው ማስቀመጥ ይቻላል። ይህ ወጪ ቢመስልም ደንበኛ ያመጣል፤ እርዳታ ድርጅቶችና መንግሥታዊ መሥሪያ ቤቶች ተሽከርካሪያቸው ወንዝ ውስጥ ቆሞ እንዲታይ አይፈልጉም።

እነዚህ መሥሪያ ቤቶች በመተማ መስመር ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተነሳ በኋላ በጋላባትና በመተማ በኩል ብዙ ሺህ ሰው ተሻግሯል፤ ከስደተኞቹ ጋር የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽንና ሌሎች ድርጅቶች ላንድክሩዘሮቻቸውን ይዘው መጡ። ከዚህ ሌላ የዞንና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች፣ ባንኮች፣ የጤና ጣቢያ አምቡላንሶች አሉ። እነዚህን ለማግኘት በር ላይ ቆሞ መወልወል አይሠራም። የሚጠይቁት ወረቀት ነው፤ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ሕጋዊ ደረሰኝ። ግዥው ብዙ ጊዜ በሦስት ፕሮፎርማ ስለሚወዳደር በከተማው ፕሮፎርማ ማቅረብ የሚችሉ ቤቶች ጥቂት ከሆኑ ወረቀቱን ያሟላው አዲስ ቤት ቶሎ ይፈለጋል። ክፍያው ይዘገያል፤ ስለዚህ የሳሙናና የነዳጅ ገንዘብ ከጥሬ ገንዘብ ደንበኞች መምጣት አለበት። አምቡላንስ ለሚያጥብ ሰው ደግሞ ጓንትና የጀርም መግደያ የግድ ነው።

የሥራው ዓመት የሚዞረው ከሰሊጥ ጋር ነው። ሰሊጥ በጥቅምትና በኅዳር ታጭዶ ይወቃል፤ ከዚያ ተከታትሎ ገንዘብ ይንቀሳቀሳል፣ ጭነት ይበዛል፣ ባለሀብቶች በፒክአፕ ይመጣሉ። ከብት ጭኖ የመጣ መኪና ሰሊጥ ከመጫኑ በፊት አልጋው በደንብ መታጠብና መድረቅ አለበት፤ የባዕድ ነገር መጠን የሰሊጥን ደረጃ ስለሚወስን ነጋዴው ለዚህ ሳይከራከር ይከፍላል። ከጥምቀት በኋላ ጥር ሙሉ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ የሠርግ ወቅት ነው፤ የሙሽራ መኪና ውስጡም ውጭውም እንዲያበራ ይፈለጋል፣ ፖሊሽ የሚሸጠውም ያኔ ነው። የቦሎ ምርመራ ሲደርስ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ እንዲነበብ የሞተር እጥበት ይመጣል። ክረምት ሲገባ የጭነት መኪናው ይቀንስና ትራክተር ይተካል። ባለቤቱ ጎንደር የተቀመጠ ትራክተር ዘር ጨርሶ ሲወጣ ሁለት ወር ሙሉ ከነጭቃው ይቆማል። እሱን በቆመበት እርሻ ካምፕ ሄዶ አጥቦ፣ ግሪስ አድርጎ፣ ከመታጠቡ በፊትና በኋላ ያለውን ፎቶ ለባለቤቱ ልኮ፣ ክፍያውን በቴሌብር መቀበል የሚቻል ሥራ ነው።

ፎቶው ግን ሁልጊዜ አይሄድም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በተነሳው የትጥቅ ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል፤ መንገዱም በየጊዜው ይዘጋል። ስለዚህ ደንበኛን በቴሌግራምና በቲክቶክ ብቻ መያዝ እዚህ አገር አደጋ አለው። ስልክ መደወል ምን ያህል እንደሚጠቅም አንድ ምሳሌ አለ፤ ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ሃይብሪድ ዲዛይንስ የተባለ ኩባንያ ራይድ የተሰኘውን የታክሲ ጥሪ አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ሲያስፋፋ መተግበሪያ ለሌለው ተሳፋሪ 8294 የሚል የጥሪ ቁጥር አስቀመጠ፤ ቁጥሩ በስልክ ፊደል ገበታ ላይ ታክሲ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ይሠራል። ብዙ ሰው የለመደው መደወልን ነበርና በደወለው ሰው በኩል ገበያው ሰፋ። ለኮኪቱ ላቫጆም የሹፌሮች ስም፣ የታርጋ ቁጥርና ስልክ የተጻፈበት ደብተር ከሁሉ የሚበልጥ ሀብት ነው። ግራሶ ከተደረገ የተወሰነ ሳምንት ሲያልፍ መደወል፣ «መኪናው እንዴት ነው? ይቺን መንገድ ሲያልፉ ጎራ ይበሉ» ማለት ወጪው የአንድ ጥሪ ሒሳብ ነው።

መንገዱ በሚዘጋባቸው ቀናት የሚተርፈው የከተማው የራሱ መኪና ነው። ባጃጅ አለ፤ በየቀኑ ስለሚሠራ በየቀኑ ይቆሽሻል፣ የሚያርፍበትም ተራ ይታወቃል። የሞተር ሳይክል ባለቤቶች አሉ። እነዚህ በአንድ ጊዜ የሚከፍሉት ትንሽ ስለሆነ በሳምንት ወይም በወር መዋዋል ይሻላቸዋል። የመኪና ደላሎችም አሉ። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና በጥንቃቄ የሚያዝ ንብረት ሆኗል። ሊሸጥ የተዘጋጀ ኮሮላ ወንበሩ ታጥቦ፣ ዳሽቦርዱ ተወልውሎ፣ ኮፈኑ በፖሊሽ ተመትቶ ሲቀርብ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ደላላውም ይህን ስለሚያውቅ መኪናውን ራሱ ያመጣዋል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው አደጋ ደርሶበት የተለበጠን መኪና ወይም የሚያፈስ ሞተርን በእጥበት ለመሸፈን የሚመጣ ትዕዛዝ ነው። እንዲህ ያለውን ሥራ የተቀበለ ቤት ስሙ ከሻጩ ጋር አብሮ ይነሳል።

ለመጀመር የሚሻለው ጊዜ ነሐሴ መጨረሻ ነው። ትራክተሮቹ ከዘር ተመልሰዋል፣ ለእንቁጣጣሽ ባጃጁም ሚኒባሱም መታጠብ ይፈልጋል፣ የሰሊጡ ጭነት ሊመጣ ደግሞ ሁለት ወር ያህል ይቀረዋል። በእነዚህ ሁለት ወራት በአንድ አልጋ ቤት ግቢ፣ በአንድ ፓምፕና በአንድ ሮቶ ውሃ እየተሠራ የሹፌሮቹ ደብተር ይሞላል፣ የመብራት ናሙናው ይታያል፣ ንግድ ፈቃዱና ደረሰኙ ይወጣል። ለቋሚው ቦታ ኪራይ መክፈል የሚጀመረው የጥቅምት ጭነት መጋዘን በር ላይ መሰለፍ ሲጀምርና ሰልፉ የሚያርፍበት ጎን በዓይን ሲታይ ነው።